የአባ ፍስሐ እናት

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እኔ የስልሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። አባ ፍስሐ የሞቱት በዚያ ወር ነው። በዚህ ዕድሜ የሰው ሞት ያልለመደ የለም፤ እኔም ብዙ ሰው ገንዤ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ። የሳቸውን ነገር ግን አልለመድኩትም። ሳስበው እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠኛል። መሞታቸው አይደለም። በሞቱበት ቀን ማታ የሰማሁት ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጽሑፌ ቢጣመም አንባቢ ያቅናልኝ፤ ነገሩ ግን እንዳለ ነው፤ ቀለም አልቀባሁትም።

የምሠራው ጎንደር፣ ከፒያሳ በባጃጅ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ የካቶሊኮች ግቢ ነበር። ዘበኛም ነኝ፣ አትክልተኛም ነኝ። ግቢው ልጆች ለቅስና የሚያድጉበት ነው። እነሱ «ንዑስ ዘርአ ክህነት» ይሉታል፤ የሰፈሩ ሰው «የትንንሾቹ ቄሶች ቤት» ይለዋል። ልጆቹ ከየአገሩ ይመጣሉ። ቀን ከተማው ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ጧትና ማታ በግቢው ሥርዓት ይኖራሉ። የግቢው የበላይ ሬክተሩ ናቸው። ልጆቹን ግን ከመኝታቸው የሚያስነሱት፣ የሚያስጠኑት፣ የሚቆጧቸው፣ ሲያማቸው የሚያስታምሟቸው አባ ፍስሐ ነበሩ።

መጀመሪያ እዚያ ስቀጠር ሰፈሩ ሁሉ ያማኝ ጀመር። «ካሴ ካቶሊክ ሆነ» ተባለ። «ዘበኛ ሆንኩ እንጂ ሌላ ነገር አልሆንኩም» አልኳቸው። እኔ የተጠመቅሁት መድኃኔ ዓለም ነው፤ የንስሐ አባቴም እዚያው ናቸው። ምሳዬን ከቤቴ በምሳ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከወጥ ቤታቸው አልቀምስም። አንድ ቀን ከአባ ፍስሐ ጋር ጎመን ስንኮተኩት አርፍደን ዛፉ ሥር ምሳዬን ስከፍት አዩኝ።

«አያ ካሴ፣ ጎመኑን አብረን ተክለን ለብቻህ ልትበላ ነው?»

«አባ፣ ተከልኩ እንጂ አልቆረብኩ።»

ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቀነቀው። «እሺ፣ አንተ ከኔ ካልበላህ እኔ ካንተ ብበላስ?» ብለው ከጎኔ ቁጭ አሉና ከምሳ ዕቃዬ በሉ። ሽሮ ነበር። «ጨው በዝቶበታል፤ ንገራት» አሉኝ። ለሚስቴ ብነግራት «ምነው እሱ! የሰው ምሳ እየበላ ደግሞ ያማርጣል?» አለች። ከዚያ ወዲያ ግን ጨው ቀነሰች፤ የምትቋጥረውም ለሁለት ሰው ሆነ።

ግቢው ደወል የለውም። ከቤተ ጸሎቱ ደጅ ወይራው ላይ የተንጠለጠለ የማኪና ቸርኬ ነው ያለው። ሊነጋጋ ሲል አባ ፍስሐ በብረት ይመቱታል። ልጅ አዝዘው አያስመቱም። ክረምት ይሁን በጋ፣ ዝናብ ይውረድ አይውረድ፣ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ መኝታ ቤቱን ይዞራሉ። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የቀረ ልጅ ካለ ራስጌው ይቆሙና እንዲህ ይሉታል፦ «ደወሉ የእግዜር ድምፅ ነው ብዬ አልዋሽህም። የኔ እጅ ነው። ግን ተነስ። እግዜር እንቅልፋም ቄስ አላጣም፤ አንተ አትጨምርበት።»

ተነስተው ቅዳሴ ይገባሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ገርሞኝ ነበር። የሚቀድሱት በግዕዝ ነው፤ ዜማውም ከልጅነቴ የማውቀው ነው። አንዳንዴ አፌ ሳላስበው ተቀብሎ አገኘዋለሁ። አባ ፍስሐ ግን ድምፅ አልተሰጣቸውም። ሲያዜሙ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን ይውጣሉ። እሳቸውም ያውቃሉ፤ «ለጆሮ የምትጸልዩ ከሆነ ራዲዮ ክፈቱ» ይላሉ።

ማዕድ ላይ አይወራም። አንዱ ልጅ ቆሞ መጽሐፍ ያነባል፣ ሌሎቹ እየበሉ ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ ከቆላ የመጣ፣ አማርኛ በደንብ ያልፈታ ልጅ ተራው ደርሶት ሲያነብ ቃሉ እየተሰበረበት ልጆቹ ሳቁ። እኔ ውሃ ላደርስ ገብቼ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አባ ፍስሐ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «የሳቃችሁ ተነሱ» አሉ። ግማሹ ተነሳ። «በሉ፣ ያንኑ ገጽ አሁን በእሱ ቋንቋ አንብቡልኝ።» እርስ በርስ ተያዩ። «ካላወቃችሁ ተቀመጡና ስሙ» አሉ። ልጁ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ አንድም የሳቀ የለም። የሱን ድርሻ ወጥ ጎላ አድርገው ራሳቸው አቀረቡለት።

እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ሁለት ነገራቸው ግን ለኔ አይገባኝም ነበር።

አንደኛው የእሑድ ስልክ ነው። ልጆቹ ስልክ አይዙም። እሑድ ከምሳ በኋላ አባ ፍስሐ የራሳቸውን ስልክ ይዘው ኔትዎርክ ከሚገኝበት ከድንጋይ አጥሩ አጠገብ ይቆማሉ። ልጆቹ ተሰልፈው በየተራ እናታቸውን ያናግራሉ። አናግሮ የጨረሰ ልጅ ስልኩን ሲመልስ «ምን አለች?» ይሉታል።

«ደህና ነኝ አለች።»

«እንደሱ አይደለም። ቃሏን ንገረኝ።»

«‹ብርድ ልብሱን እንዳትጥለው፣ ኋላ ሳል ይይዝሃል› አለች።»

«ሌላስ?»

«‹ጥቁሯ ላም ወለደች› አለች። ‹እንገሩን ስንጠጣ አንተን አሰብንህ› አለች።»

«ሸጋ» ይላሉ። ጨዋታ እንደሚሰማ ሰው ፊታቸው ይፈታል። የአንዱ እናት ልጇን ከሰደበችም ስድቡን አስቀርቶ መናገር የለም፤ እንዳለ መንገር ነው። እኔ እላለሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይኼ የሰው እናት ወሬ የሚጠማው?

ሁለተኛው የበሩ ሕግ ነው። አዲስ ልጅ የሚቀበሉት እናትየዋ ራሷ መጥታ በአፏ ከፈቀደች ብቻ ነው። አባት ቢመጣ፣ የአገራቸው ቄስ ቢመሰክርለት አይሆንም። አንድ አባት ልጁን ይዞ ከሩቅ አገር መጣ። ልጁ አስተዋይ፣ ንጹሕ ልጅ ነው። በሩን የከፈትኩ እኔ ነኝ።

«እናቱስ?» አሉ አባ ፍስሐ።

«እሷ ምን ታደርጋለች አባ? እኔ አባቱ መጥቻለሁ።»

«እንኳን ደህና መጡ። እናቱስ?»

«መንገዱ ሩቅ ነው። ማኪና ላይ ወጥታ አታውቅም።»

«እንግዲያው ምሳ ብሉና ልጁን ይዘው ይመለሱ። ስትችል ሦስታችሁም ትመጣላችሁ።»

ሰውየው በሩ ላይ ጮኸ። «የሰው ልጅ እንደ በግ ከገበያ ይመለሳል ወይ?» አለ። ሬክተሩ ወጡ፤ እሳቸውም ተቆጡ። «አባ ፍስሐ፣ ሕጋችን ላይ እናት ትምጣ የሚል የለም!»

«ሕጉ ላይ የለም። በሩ ላይ አለ» አሉ አባ ፍስሐ።

አባትና ልጅ ሄዱ። እኔም ዝም አላልኩም። «አባ፣ ግትር ነዎት» አልኳቸው።

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?» አሉና ትከሻቸው ተነቀነቀ።

ከጥምቀት በኋላ ሦስቱም መጡ። ሴትዮዋ መንገዱን ሁሉ ስታስመልስ ነው የመጣችው፤ ከባጃጁ ደግፌ አወረድኳት። አባ ፍስሐ ውሃ አስመጥተው እጇን አስታጠቧት፣ ጥላ ሥር አስቀመጧት፣ እስክታገግም ምንም አልጠየቋትም። አማርኛ አትሰማም፤ ልጇ ነው የሚያስተረጉመው። «ልጅሽን ለቅስና ትሰጪናለሽ ወይ?» አሏት። ሴትዮዋ ተናገረች። ልጁ ፊቱ ቀላ። «አልሰጥም ነው የምትለው።» አባትየው ብድግ አለ። ልጁ ቶሎ ብሎ ጨመረ፦ «አልሰጥም፣ አውሳችኋለሁ እንጂ ነው የምትለው።»

«ውሰትም ይበቃናል» አሉ አባ ፍስሐ። «ስትፈልጊው መጥተሽ ትወስጂዋለሽ።»

አንድ ቀን ግልጹን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ እርስዎስ እናት የለዎትም ወይ?» መኮትኮቻውን አንስተው ሰጡኝ። «ያንን መደብ ውሃ አላጠጣኸውም» አሉ። አለቀ። ግቢው ውስጥ የሚታወቀው ያሳደጓቸው የካቶሊክ ሲስተሮች እንደሆኑ ነው። ወላጅ አልባ ናቸው ብለን ነው የኖርነው። ቅዳሜ ገበያም ወጥተው አያውቁም፤ ዘር መግዛት ሲኖርብን እኔን ይልኩኛል። የቅዳሜ ገበያ ግፊያ የማይወዱ፣ ትንሽ ኩራት ያለባቸው ሰው ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ደወሉ በሰዓቱ ሳይመታ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ አንድ የኛ ቄስ፣ እግራቸው አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ በሩን አንኳኩተው «አባ ፍስሐ የሚባሉትን» አሉኝ። ሁለቱ ከአትክልቱ ጀርባ ቆመው ጥቂት ተነጋገሩ። ቄሱ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። በማግስቱ ልጆቹ ሁሉ ተኝተው ሲቀሩ እኔ ሄጄ ቸርኬውን መታሁት። አባ ፍስሐን ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አሞዎታል?» ብላቸው «ደህና ነኝ» አሉ። የሁለት ቤተ ክርስቲያን ቄሶች ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ጥቅምት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ የእጅ ሥራ ላይ ሳሉ፣ አባ ፍስሐ ካሮቱ መደብ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው። ልባቸው ነው አሉ። ሬክተሩ ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገሩ ሲወጡ እኔ ብቻዬን አጠገባቸው ቀረሁ።

«አያ ካሴ።»

«አቤት፣ አባ።»

«እናቴ አለች።»

የቃዡ መሰለኝ። «የት ነው ያሉት?» አልኩ።

«ከትክል ድንጋይ ወዲያ፣ ሚካኤል ደብሩ ሥር። እማሆይ ትርንጎ በል። ወንድሜ ቄስ አዱኛ ነው። ሙላት ብለህ ጥራኝ፤ ፍስሐ ብትል አያውቁኝም።»

«ሄጄ ላምጣቸው?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። በማግስቱ ጧት ሞቱ። ዓይናቸውን የከደንኩ እኔ ነኝ።

ለሬክተሩ ስነግራቸው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የማን እናት? ይህን ሁሉ ዓመት ስንኖር?» አሉ። ቆይተው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ይዘሃቸው ድረስ። እናት ሳትመጣ አፈር አናለብሳቸውም።»

የኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ለእናት ብድግ ብሎ የልጅ ሞት አይነገርም። አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ በምስጢር ይነገራል፤ ሽማግሌና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ አብረው ሄደው ይነግሯታል፤ ብቻዋን እንዳትሰማ ነው። እኔም ወንድምየውን ማታ አግኝቼ ጧት አብረን እንነግራቸዋለን ብዬ በምሳ ሰዓት ማኪና ያዝኩ። ትክል ድንጋይ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ደብሩ ሥር ደረስኩ። የቄስ አዱኛን ቤት ልጆች አሳዩኝ።

ሰውየው ከቤት ሲወጡ ነጭ ጥምጣም ጠምጥመዋል። የት እንዳየኋቸው አላስታወስኩም። ወግ ነውና ወደ ጎን ጠራኋቸው።

«ከጎንደር ነው የመጣሁት። ካሴ እባላለሁ። ቄስ፣ መርዶ ነው የያዝኩት።»

«የማን?»

«የወንድምዎ፣ የሙላት።»

ሰውየው አልደነገጡም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ተሳስቶ ለመጣ መንገደኛ እንደሚያዝን ሰው አዩኝና «አያ፣ ሰው ተሳስተሃል» አሉኝ። «ሙላት የሚባል ወንድም ነበረኝ። በደርግ ጊዜ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ገደለው። አልቅሰንለታል። ተዝካሩንም አውጥተናል።»

«እኔ የምለው ሙላት ዛሬ ጧት ጎንደር ሆስፒታል ነው የሞተው።»

«ተሳስተሃል አልኩህ እኮ።»

«ዓይኑን የከደንኩት በዚህ እጄ ነው!»

ቄስ አዱኛ ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አሉ። ከዚያ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጥምጣማቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ያኔ ነው ያስታወስኳቸው። እሳቸውም «በሩን የከፈትክልኝ አንተ ነህ» አሉኝ።

እንግዲህ የሰማሁት ይኼ ነው። ሙላት ሁመራ ወርዶ ወባ መያዙ እውነት ነው። ያስታመሙት የካቶሊክ ሲስተሮች ናቸው። ድኖ እነሱ ጋር ቀረ፤ ሊማር፣ ቄስ ሊሆን ወሰነ። ይህንኑ ሊናገር ወደ አገሩ ሲመለስ አባትየው ገበያ መንገድ ላይ አገኙት። ልጅየው ሁሉን ነገራቸው። የነሱ ቤት ደብሩን የሚያገለግል ቤት ነው፤ አዱኛ ያኔ ድቁና ተቀብለው ነበር። አባትየው «እናትህ ሳታይህ ከዚሁ ተመለስ» አሉት። ተመለሰ። አባትየው ቤታቸው ገብተው «ሙላት በወባ ሞተ፤ ያየ ሰው ነገረኝ» አሉ። ሁመራ ወርዶ የሚቀር ሰው ብዙ ነው፤ ማን ይጠራጠራል? እናት ፀጉሯን ነጨች፣ አገር አለቀሰ። አባትየውም አብረው አለቀሱ።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ያወቅሁት አባታችን ሊሞት ሲል ነው። ለኔ ነግሮኝ ሞተ። ኋላ ሙላት ጎንደር ቄስ ሆኖ መጥቶ ሰው ላከብኝ። ያን ጊዜ ነው የመጣሁት። እናቴን ልያት አለኝ። እኔ ነኝ የለመንኩት። ‹ቆብ የደፋችው ላንተ ብላ ነው፤ ነፍስህን ይማር ስትል ነው የምትውለው፤ አሁን በሕይወት አለ፣ ካቶሊክም ሆኗል ብትባል ምን ትሆናለች?› አልኩት።»

«ምን አሉ?»

«‹ምን ብላ ነው የምትጸልይልኝ?› አለ። ‹ቃሏን ንገረኝ› አለኝ። ነገርኩት። ‹እንግዲያው ተዋት› ብሎ አሰናበተኝ።»

እኔም መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። የእሑዱ ስልክ፣ የበሩ ሕግ፣ ቅዳሜ ገበያ አለመውጣታቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረደብኝ። ከዚያ ግቢ እስከዚህ ደብር የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። እኔ ከጎናቸው ጎመን ስኮተኩት የነበርኩት ሞቶ ከተለቀሰለት ሰው ጋር ነበር!

«ጧት እንንገራቸው» አልኩ።

«ምኑን?»

«መርዶውን ነዋ!»

«ተነግሯታል እኮ! ስንት ዘመኑ! አያ፣ አንተ የማን ወገን ነህ? ካቶሊክ ነህ?»

«የመድኃኔ ዓለም ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው ይህ ነገር ይገባሃል።»

«አይገባኝም! እናት ቆማ ልጇን ሌላ ሰው ሲቀብረው አይገባኝም!»

«ደግመህ ልትገድልባት ነው?»

«የገደላችሁትስ እናንተ!»

ይህን በማለቴ አላዘንኩም። ሰውየው ግን ክፉ ሰው አይደሉም። ቆይተው «አሞት ነበር?» አሉኝ። «ልቡ ነው» አልኩ። «ልጆቹ ይወዱታል?» አሉ። «ይወዷቸዋል፤ ይፈሯቸዋልም።» «ድምፁ ለዜማ አይሆንም ነበር» አሉና ፊታቸውን በጥምጣማቸው ሸፈኑ።

ራት ቀረበልኝ፣ አልበላሁም። «እደርና ጧት ተመለስ» አሉኝ። «እናታችንን እንዳትነግር። በሚካኤል ይዤሃለሁ።» እኔ እሺም እምቢም አላልኩም። መደቡ ላይ ጋደም አልኩ። ወጉ ካልሆነስ ምን ሊሆን ነው? ወንድምየው ካልመጣ፣ ሽማግሌ ካልተሰበሰበ፣ ባዳ ብቻውን እንዴት አድርጎ ለእናት ይናገራል? ብተወው ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ሬክተሩ በሩን እያዩ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። እማሆይ ትርንጎ ከሚካኤል ቅጥር አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ጎጆ ነው የሚኖሩት። ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ጠበቅኋቸው። ወይባ የለበሱ፣ የተጨማደዱ፣ ዓይናቸው ግን ንቁ የሆነ አሮጊት ናቸው።

«ማን ልበል፣ የኔ ጌታ?»

«ከጎንደር ነኝ፣ እማሆይ።»

«እንዴት ነው አገሩ? ግባ፣ ብርድ ነው።»

ደጁ ላይ ድንጋይ አለ፤ አስቀመጥኳቸውና ፊታቸው ተቀመጥኩ። በወጉ ቢሆን መጀመሪያ ሞቱን ነበር መናገር ያለብኝ። አፌ ግን እምቢ አለ።

«እማሆይ፣ ሙላትን ወባ አልገደለውም።»

«ምን አልከኝ?»

«ድኗል። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘመን ኖሯል። እዚሁ ጎንደር። ካቶሊኮቹ ዘንድ ተምሮ ቄስ ሆነ። የሰው ልጆች አሳደገ። እኔ አብሬው ነው የምሠራው። ጎመን አብረን እንተክላለን፣ ከምሳዬ ይበላል…»

አሮጊቷ እንደ ሐውልት ደርቀው አዩኝ። ከዚያ ብድግ ብለው እልል አሉ። ከዚያ ደረት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል አላልኩም። ከኪዳን የሚወጡት ሴቶች ቆሙ። ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ስለት የደረሰ መስሏቸው እነሱም ተቀብለው እልል አሉ። ቅጥሩ ሁሉ እልልታ ሆነ። ቄስ አዱኛ ጥምጣማቸውን በግማሽ ጠምጥመው እየሮጡ መጡና እኔን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ካቶሊክ ነው አልከኝ? ይሁን! ይሁን ተወኝ!» ይላሉ እማሆይ፤ እጄን ይዘው አይለቁም። «ሽበት አውጥቷል?»

«አውጥቷል።»

«ጥርሱስ? መሐሉ ላይ ክፍት ነበር።»

«እንደተከፈተ ነው።»

ሴቶቹ እልልታውን አላቋረጡም። እማሆይ ወደ መንገዱ አሻግረው አዩ፤ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ፈለጉ።

«ምነው ታዲያ እሱ ራሱ አልመጣም?»

ቄስ አዱኛን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና አዘቅዝቄ ለበስኩ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እማሆይ ነጠላዬን አዩት፣ ፊቴን አዩት። እንደፈራሁት ወደ መሬት አልወደቁም። ድንጋዩ ላይ ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ።

«መቼ?»

«ትናንት ጧት።»

«ተቀበረ?»

«አልተቀበረም። እርስዎን ይጠብቃል።»

ልጃቸውን አንድ ነገር አልጠየቁም፣ አልወቀሱም። «አዱኛ» አሉ፣ «በቅሎዋን ጫን።»

ቄስ አዱኛ ሮጡ። እኔ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ደግፌ አነሳኋቸው።